ለጎረቤት የደረሰው ቅባት

ትክል ድንጋይ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶ ዓ.ም.

ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። አዲሱን የእከክ ቅባት ለመፈተን እከክ ከያዛቸው ቤተሰቦች ለግማሾቹ ቅባትና ሳሙና፣ ለቀሩት ሳሙና ብቻ ሰጥቼ ነበር። ሁሉም እኩል ዳኑ። «ቅባቱ ጥቅም የለውም» የሚል ሪፖርት ትናንት በማኪና ጎንደር ላሉት ሐኪም ላክሁ።

ዛሬ ገበያ ላይ ቅባት ከሰጠኋቸው አንዱን፣ አያ ተሰማን አገኘሁ።

«ሸጋ መድኃኒት ነው፤ ለጎረቤቶቼም ደረሰ» አሉኝ።

«ምነው አያ? ለእርስዎ ቤት ብቻ ነው ብዬ አልነበር?»

«ጎረቤቴን እከክ ሲበላው እያየሁ ብቻዬን ልዳን?»

ጎረቤቶቻቸው ሳሙና ብቻ የሰጠኋቸው ናቸው። ቅባት የወሰዱትን «ተቀባችሁ ወይ?» እያልሁ በየቤታቸው ጠይቄያለሁ። ሳሙና ብቻ የወሰዱትን ግን አንዳቸውንም አልጠየቅሁም።

ሐኪሙ አንብበው ቅባቱ ከእንግዲህ እንዳይመጣ ጽፈው ይሆናል። እስከ ሰኞ ማኪና የለም። አሁን በእግሬ ብነሳ ማታ ጎንደር እደርሳለሁ።