በእናቴ ሥዕሎች ላይ የጻፍከው ስም

አባዬ፣

ከቀበርንህ ሁለት ክረምት አለፈ። ዘንድሮ መቃብርህ ዘንድ አልመጣሁም፤ ሆን ብዬ ነው። «ነፍስህን ይማር» ብዬ ልጀምር አሰብኩ፣ ግን አልሆነልኝም።

እቤት ብዙ ነገር ተለውጧል። የምትጽፍበትን ክፍል እናቴ መኝታዋ አድርጋዋለች። ታናሼ ቶሌራ አግብቶ አኖ ከተማ ገብቷል። እኔ እዚሁ ነቀምቴ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር ተማሪዎቼን ይዤ፣ ሳትሞት ንብረትህን ወደ ለገስክለት የሕዝብ ግቢ ሄድኩ። ቤተ መጻሕፍቱንም፣ የዕፅዋት ቦታውንም፣ የሥዕል አዳራሹንም እስካሁን ሳላይ የቆየሁት ሐዘኑ ከብዶኝ ነበር።

መጻሕፍትህን መደርደሪያው ላይ ሳገኝ ደስ አለኝ። ከጉቴ ያመጣሃቸው ችግኞች ቁመቴን አልፈዋል፤ ዋንዛው ሥር በአፋን ኦሮሞም «ዋዴሳ» ብለህ የጻፍክበት ሰሌዳ አለ። ለተማሪዎቼ «ይህን የተከለው አባቴ ነው» አልኳቸው። ኮርቼብህ ነበር። ከዚያ ወደ ሥዕል አዳራሹ ገባን።

ሃያ ያህል የአበባና የቅጠል ሥዕል ተሰቅሏል። በእያንዳንዱ ሥር «ሠዓሊ፦ መምህር ታደሰ» ይላል።

አንተ እኮ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር የማትችል ሰው ነበርክ። ቅርንጫፉን አንተ ትቆርጣለህ፣ እኔ እንዳይወዛወዝ እይዛለሁ፣ የምትስለው እናቴ ናት። የአንተ ሥራ የተክሉን ስም ከሥር መጻፍ ነበር። እንግዳ ሲመጣ «የእጄ ሥራ ነው» ስትል እናቴ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማህ አይቻለሁ። ያኔ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

የክምችቱ ኃላፊ አቶ ገመቹ፣ ስህተት መሆኑን ስነግራቸው፣ የስጦታ ወረቀትህን አውጥተው አሳዩኝ። «የሠራው ማን ነው» በሚለው ቦታ በራስህ እጅ «እኔ» ብለሃል። ሌላ ሰው ተሳስቶ ቢሆን ምንም አልል ነበር። አንተ ግን እያወቅህ ነው የጻፍከው።

በማግስቱ እናቴን ይዣት ተመለስኩ። መሄድ አልፈለገችም። «ዲሲ» አለችኝ በአፋን ኦሮሞ፤ «ተዪው፤ የሞተ ሰው አይከሰስም።» እንደምንም ለምኜ ወሰድኳት። አቶ ገመቹ «ሐርሜ» ብለው እንደ እናታቸው ጠሯትና ማስረጃ እንዳላት ጠየቋት።

አልነበራትም። ሥዕሎቹን እየዞረች ማየት ጀመረች። «እዚህ አረንጓዴው ላይ ውኃ አብዝቻለሁ» አለች። «ይሄ ቅጠል የተጣመመው ቶሌራን አርግዤ ወገቤን ሲያመኝ ነው።» ቀጥላ «ያኛው ሳያልቅ የቀረው ይቺ መያዝ ሰልችቷት ስላለቀሰች ነው» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። የእያንዳንዱን ጉድለት ተናገረች፤ አቶ ገመቹ ቆመው ጻፉ። አንተ ግን ጉድለት እንዳላቸው እንኳ ሳታውቅ ነው የሞትከው።

ትናንት አዲሱ ጽሑፍ ተለጠፈ፦ «ሠዓሊ፦ አያንቱ ዋቅጅራ። ዕፅዋቱን የሰበሰበ፦ ታደሰ።» እናቴ ስሟን በጣቷ ነካችው። ማታ ራት ላይ ወረቀትና ቀለም እንድገዛላት አዘዘችኝ። አንተ ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ብሩሽ ስትይዝ አይቻት አላውቅም።

ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ ገና ነኝ። ግን አልረሳህም። የወለጋን ዛፍ በየስሙ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ይህን ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ። የእናታቸውን እናት ስም መደበቅህንም እነግራቸዋለሁ። አንዱን ተናግሬ ሌላውን አልተውም።

ልጅህ ሶሬቲ