ድስት የጣደ ይምረጥ

ሴፕቴምበር 4
ዝናብ። ሪህ ቀኝ እግሬን ይዞታል። ግራው ይስቅበታል... ተራው ሲደርስ ያያታል።

ልጄ ከለንደን መጥቶ ምሳ ላይ ፈረደ። ፔሪ፣ የልጅ ልጄ፣ ወይ የፓርላማ ወንበር ያገኛል፣ ወይ ብርዱ ሳይገባ አሜሪካ ጦርነት ይሄዳል። «እርስዎስ ወታደር አልነበሩም?» አለኝ። ነበርኩ እንጂ! ለዚህ አይደል እምቢ የምለው?

ሴፕቴምበር 9
ቀላል መስሎኝ ነበር። የሎው ሃምሊ ወንበር ከአያቴ ጀምሮ የቤታችን ነው። እኔም ሎርድነቱን ሳልወርስ በፊት ስንት ዓመት አንቀላፍቼበታለሁ። ዘንድሮ ግን ክራዶክ የሚባል የስኳር ነጋዴ ተወዳድሮ አረፈው።

በከተማችን ደንብ፣ በገዛ ምድጃው ድስት የሚጥድ ወንድ ብቻ ነው የሚመርጠው። ክራዶክ ምን አደረገ? ሜዳ ላይ ምድጃ ሠራ። ቤት የለ፣ ጣሪያ የለ... ምድጃና ድስት ብቻ! በየምድጃው የቀጠረውን ሰው አቁሞ መራጭ አደረገው። አንዱ ዝናብ እየወረደበት ድስት ይጠብቃል።

«ቤትህ የታለ?» አልኩት።

«ከድስቱ በስተግራ ነው፣ ጌታዬ።»

ሳቅሁ። ከዚያ ምድጃዎቹን ቆጠርኩና ሳቄ ቆመ።

ሴፕቴምበር 12
ለመራጮቼ ቢራ አስከፈትኩ። ሳይጠጣ የመረጠ እንግሊዛዊ አይቼ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 20
ኦባዳያ መጣ። ፍላንደርስ አብሮኝ የዘመተ ወታደሬ ነው። ፊቱ ሳሙና የዋጠ ሰው ፊት።

«ጌታዬ፣ ሚስቴ እሳቱን አጥፍታ እህቷ ቤት ገባች።»

«ምን አድርገሃት?»

«ቢራው ነዋ። ምርጫው እስኪደርስ ጠጣ ብለውኝ የለ?»

እሳት ከሌለ ድስት የለም። ድስት ከሌለ ድምፅ የለም።

«ታዲያ አንተው ጣደዋ!»

«እንዴት ነው የሚጣደው?»

በዴንማርክ ንጉሥ ፊት አገሬን ወክዬ የቆምኩ ሰውዬ፣ እንኳን ድስት... ሄጄ ጣድኩት። ሳማስል ዱቄት የተነሰነሰበት ዊጌ ገባበት። አወጣነው። ሾርባው ግን ዱቄት ዱቄት አለ። ኦባዳያ ቀምሶ «ከሚስቴ ከኬዛያ አይሻልም» አለ። ምስጋና ቢስ!

ሴፕቴምበር 22
የምርጫው ቀን። ምን ጉድ ነው ያየሁት?

ገበያው መሐል ቆሞ ጮክ ብሎ ነው የሚመረጠው። ኦባዳያ «ለፔሪ!» ከማለቱ ክራዶክ ዘለለ። «የዚህን ሰው ድስት የጣደው ሎርዱ ነው! በመስኮት አይቻለሁ!» ሎርድ ደግሞ አይመርጥም። የከተማው ሹም ራሱን አከከ፣ አከከና ፈረደ፦ «ድምፁ የሚገባው ድስቱን ለጣደው ሰው ነው።»

ይሄኔ የኦባዳያ ሚስት ኬዛያ ከሴቶቹ መሐል ወጣች።

«ይሁና! ከነዚህ ወንዶች ማነው ታዲያ ድስት ጥዶ የሚያውቅ? አንተ ነህ? ውሃ መፍላቱን በምን ትለያለህ?»

«የሜዳዎቹስ?» አለ ክራዶክ።

«እነሱማ ይጠብቃሉ። ጥደንላቸው የምንሄደው እኛ ሴቶቹ ነን!»

ወንዶቹ ሁሉ ጫማቸውን አዩ። ሴት ደግሞ በሕግ አትመርጥም። መራጭ አለቀ! ሹሙ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ጄቤዝ ጫማ ሰፊው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለራሱና ለልጁ የሚቀቅለው እሱ ነው። መላው ሎው ሃምሊ፣ አንድ መራጭ!

ክራዶክ ስለ ጄቤዝ ድስት ውበት ንግግር አደረገ። ፔሪ አላበው። እኔ ጠጋ አልኩ።

«ልጁ ካልተመረጠ የት ይሄዳል?» አለኝ ጄቤዝ።

ልቀልድ አሰብኩ፣ ተውኩት። «ጦር ሜዳ» አልኩት።

«እኔም ወንድ ልጅ አለኝ» አለና ወደ ሹሙ ዞረ። «ለፔሪ!»

ኦክቶበር 6
ፔሪ ለንደን ሄደ። ከሠረገላው አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ ንግግር አደርጋለሁ!» አለኝ።

«ይቅርብህ፣ ተኛበት» አልኩት። ሳቀ።

ኖቬምበር 19
ጋዜጣ ደረሰ። ፔሪ ተናግሯል። አሜሪካ ላለው ጦር ሰው ይጨመር፣ የአገር ክብር ነው፣ አለ። አጨበጨቡለት። ልጄ በኩራት ሊፈነዳ ነው። ምን እላለሁ?

ዲሴምበር 3
ገበያው መሐል ከበሮ ተመታ። ምልመላ። የጄቤዝ ልጅ ወጣቶቹን ተከትሎ ሄደ... ሌላ ልጅ የለውም።

ሪሁ እንዳለ በእግሬ ሄድኩ። ለጄቤዝ የምነግረውን ቀልድ መንገድ ሙሉ ስፈልግ ደረስኩ። በሩን ከፈተልኝ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ይሻለኝ ነበር።

«ይግቡ፣ ጌታዬ።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን። ሾርባ ቀዳልኝ።

«እኔ'ኮ...» አልኩ።

«ይብሉ እንጂ። ለአንድ ሰው መቀቀል አልለመድኩም።»

በላሁ።