ሰው በሚጠራበት ስም

ቦንጋ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለኃይለመስቀል፣

እንደምን ከርመሃል? እዚያ ጆሃንስበርግ አሁን በጋ ነው ይሉኛል። እኛ ጋ ዝናቡ ኅዳር ገብቶም አልለቀቀንም። ገበያው ጭቃ ነው፤ ጨርቆቼን በላስቲክ ሸፍኜ እውላለሁ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ከማስቸገሩ በቀር ጤና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን። በስልክ ስናወራ መስመሩ ይቆራረጣል፤ አንተም ደንበኛ ይገባብሃል፤ የጀመርኩትን ወግ ሳልጨርስ እንሰነባበታለን። ስለዚህ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ በእጄ ልጽፍልህ ወሰንኩ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሰላሐዲን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም እልክለታለሁ ብሎኛል። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ ስምንተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ብዙ ዘመን አልፏል።

ባለፈው ስትደውል፣ “እማዬ፣ አብርሆትን ይቅርብሽ በያት። ጓደኞቼ ኢንተርኔት ላይ የጻፈችውን እያሳዩ ‘የዝሆኔ ሐኪሟ ባል’ ይሉኛል። አፈርኩ” አልከኝ። እሺም እንቢም ሳልልህ መስመሩ ተቋረጠ። መልሴን ዛሬ እሰጥሃለሁ። ግን ከሥሩ ጀምሬ ልንገርህ፤ ሚስትህ የሠራችውን አንተ የሰማኸው ከሚስቁ ሰዎች ነው፤ እኔ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

አብርሆት ሆስፒታሉ ውስጥ ነርስ ሆና ከተመደበች ወዲህ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ይገጥሟታል። ዕድሜ ልካቸውን ቀዩን አፈር በባዶ እግራቸው ሲረግጡ የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ሰው “ዝሆኔ” ይለዋል፤ ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሆነህ እንደዚያ ያለ ሰው በመንገድ ሲያልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጓሮ ይጎትቱ ነበር። ወደ ሐኪም የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም የሚመጡት እግሩ ከባሰበት በኋላ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ፣ “እማማ፣ የቀሩት ጓዳ ተደብቀዋል። ዛሬ ግን በየቤቱ ስልክ የያዘ ሰው አለ። ሰው ፊት የማይጠይቁትን ስልካቸውን ይጠይቁታል” አለችኝ። ብሎግ የሚሉትን፣ ማንም ገብቶ የሚያነበውን ገጽ የጀመረችው ያኔ ነው።

የመጀመሪያውን ጽሑፏን ስትጽፍ ብታያት! ከሥራ መልስ፣ ልብሷን ሳትቀይር፣ መጽሐፍ ስታገላብጥ ትቆያለች። ዝሆኔን በሐኪሞች ስም ጠርታ፣ አርእስቱን “ፖዶኮኒዮሲስ፦ ትኩረት ያጣው የሐሩር ክልል በሽታ” አለችው። አነበበችልኝ፤ ደግ ጽሑፍ ነበር፤ አርእስቱ ግን እንኳን ሊገባኝ ምላሴም አልያዘው። ወር አለፈ። ያነበቡት እሷ፣ እኔና አብራት የምትሠራው ሊና ብቻ ነን። ልጅት ተከፋች እንጂ አልተወችውም። ምን አደረገች መሰለህ? ሆስፒታል የሚመጣውን ሕመምተኛና አስታማሚ ሁሉ፣ “ከመምጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ምን ብላችሁ ፈለጋችሁ?” እያለች መጠየቅ ጀመረች። አንዱ “እግሬ አብጦ አልጎድል አለ” ብሎ ጽፏል። ሌላዋ “የእግር እብጠት መድኃኒት”። አንዲቷ ደግሞ፣ “እግሬ እንዲህ ሆኖ ባሌ አጠገቤ ቢተኛ ይይዘዋል ወይ” ብላ። ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ የጻፈ አንድም ነፍስ አልተገኘም።

“ሰው ሲፈልግ የሚጽፈው ቃል ቁልፍ ቃል ይባላል፣ እማማ። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው” ብላ አስረዳችኝ። እኔ እንዲገባኝ ስልኳ ላይ “እግር” ብላ ጻፈች። ኧረ ጉድ! የመጣው ሁሉ እግር ኳስ ሆነ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። አንድ ቃል ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሰው እንደሚጠይቀው ሙሉ ሐረጉን መጻፍ እንደሚያስፈልግ ያኔ ገባኝ። አጻጻፉም ለየቅል ነው፤ አንዱ “ሐኪም” ሲል ሌላው “ሃኪም” ይላል፤ አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል የሚጽፍም ሞልቷል። ሁሉንም አሰበችላቸው።

እኔም የገበያ ሰው ነኝና ምክር ልሰጥ ቃጣኝ። “ታዲያ ቃሉን በየመስመሩ ደርድሪዋ!” አልኳት።

“አይሆንም” አለች። “አርእስቱ ላይ ይግባ፤ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይግባ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ራሱ ሲጠራው ብቻ ነው። ያለ ቦታው ከደጋገምኩት ጎግል እንደ ማታለል ይቆጥረዋል። ጎግል ዝም ቢለኝ እንኳ፣ ተጨንቆ የመጣው ሰው መልስ ነው የሚፈልገው፤ ጩኸት ምን ያደርግለታል?”

ያስጨነቃት ግን “ዝሆኔ” የሚለው ቃል ነበር። “ይህ ስድብ ነው። ሰውን ከማኅበርና ከለቅሶ ቤት ያስወጣ ቃል ነው። እኔ ራሴ አርእስት ላድርገው?” እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች። ሊና፣ “ተዪው፤ ሕመምተኞቹን ያስቀይማል” አለቻት፤ እውነቷን ነው። ቁርስ እየበላን ሳለ አብርሆት ድንገት እጇን ከትሪው አነሳችና፣ “እማማ፣ በማያውቁት ስም ብጠራቸው አይሰሙኝም። በሚያውቁት ስም እጠራቸዋለሁ፤ ከገቡ በኋላ ግን በክብር አስቀምጣቸዋለሁ” አለችኝ። እንጀራው በአፌ እንዳለ አየኋት። ይህች ልጅ ቤቴ የገባችው ለእኔም ትምህርት እንድትሆነኝ ነው አልኩ በልቤ።

አርእስቱን “ዝሆኔ ይድናል ወይ? የእግር እብጠት ላለባችሁና ለቤተሰባችሁ” አለችው። መጀመሪያው ላይ ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ “ዝሆኔ ብለው ሲፈልጉ የነበረው ለራስዎ ወይም ለሚወዱት ሰው ከሆነ፣ አይፍሩ። በሽታው አይጋባም፤ ባለቤትዎ አጠገብዎ መተኛት ይችላል።” ከታች ደግሞ በየንዑስ አርእስቱ ሰዎቹ የጠየቁትን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር እያስቀመጠች መለሰችላቸው፤ ከአፈሩ እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ጫማ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ፈጽሞ ባይጠፋ እንኳ እንደሚቀንስና ሰው ወደ ሥራው እንደሚመለስ። ጓደኞችህ አርእስቱን ብቻ አይተው ነው የሳቁት ልጄ፤ ወረድ ብለው ቢያነቡ አይስቁም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ የገበያ ቀን፣ አንድ ከሳ ያለ ሰው ቦቲ ጫማውን እንደተጫማ መደቤ ፊት ቆመ። “እትዬ፣ የሲስተር አብርሆት አማት እርስዎ ነዎት? የሆስፒታሉ ዘበኛ ነው ‘ዛሬ ተረኛ አይደለችም’ ብሎ የጠቆመኝ” አለኝ። ስሙ ባፈና ነው፤ ከቢታ ገነት ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው የመጣው። አማርኛው ከካፊኛ ጋር እየተቀላቀለበት፣ እጁን ዘርግቶ ወደ ገበያው ግድግዳ አሳየኝ። አንዲት ሴት ረጅም ቀሚሷን እስከ መሬት ለቅቃ፣ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከሰው ተለይታ ቆማለች።

“ሚስቴ ናት፤ አልጋነሽ ትባላለች። ሰው እንዳይሸሻት ብላ ነው እሷው ቀድማ የራቀችው” አለኝ።

መደቤን ለጎረቤት አደራ ብዬ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ባጃጅ እግሯን አየና ጥሎን ሄደ። አፌ ለእርግማን ሲከፈት ባፈና ቀደመኝ፤ “ይተዉት እትዬ፣ ለምደነዋል። ከቢታ ገነት ስንነሳም የሚኒባሱ ሰዎች ‘አንተ ግባ፣ እሷ ትቅር’ አሉኝ። ወረድኩ። ሌላ እስኪመጣ አብረን መንገድ ዳር ተቀመጥን” አለ። ይህን ሲነግረኝ እንደ ትልቅ ነገር አልቆጠረውም። እኔ ግን ያቺን ቃል አልረሳትም፤ ወረድኩ ነው ያለው።

ሌላ ባጃጅ አሳፍሮን ቤት ደረስን። አብርሆት ሽንኩርት እየላጠች ነበር። አልጋነሽ፣ “እኔን ደጁ ይበቃኛል” ብላ ደፉ ላይ ቆመች። ሚስትህ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣችና፣ ክንዷን ይዛ አስገብታ የአባትህ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ሳፋ አምጥታ፣ ለብ ያለ ውሃ ጨምራ፣ በረኪና ጠብ አድርጋ ፊቷ ተንበረከከች። ጨርቁ ሲፈታ ሽታው ቤቱን ሞላው። አብርሆት ቅንድቧ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

“አትንኪኝ እህቴ፣ ይጋባብሻል” አለች አልጋነሽ እግሯን እየሰበሰበች።

“አይጋባም።”

“ማን አለ?”

ባፈና ከኋላ ዘለለና፣ “እሷው ናት ያለችው! ያነበብኩልሽ የእሷን ነው!” አለ። ከዚያ ያንን መጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደ አባታችን ሆይ በቃሉ ወጣው። “ባለቤትዎ አጠገብዎ...” የሚለው ጋ ሲደርስ ወደ ሚስቱ ዞረ። አልጋነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ለካ ዘመዶቹ ‘ትለይ’ ብለው ከቤቱ ጀርባ ትንሽ ጎጆ ሠርተውላት፣ እዚያ ብቻዋን ነበር የምታድረው። ያንን ያነበበ ዕለት መኝታዋን ራሱ ተሸክሞ ወደ ቤቱ መልሷታል።

አብርሆት እያጠበች፣ “ወንድሜ፣ ስልክህ ላይ ምን ብለህ ነው የፈለግከው?” አለችው፤ አመሏ ነዋ፤ ሁሉንም ትጠይቃለች።

ሰውየው አፈረ። መሬት መሬት እያየ፣ “ዝሆኔ ከያዛት ሚስት ጋር መኖር ይቻላል ወይ፣ ብዬ ነው” አለ። “ከዚያ በፊት ብዙ ሞክሬያለሁ። አንዴ ኳስ ይመጣብኛል፤ አንዴ ቅጠል የሚሸጥ ሰው ይመጣብኛል። ያንቺ ሲመጣ የሚያውቀኝ ሰው የጻፈው መሰለኝ።”

 አብርሆት አንገቷን ደፍታ በአልጋነሽ እግር ጣቶች መሃል ያለውን ቆሻሻ ቀስ እያለች ማጥራቷን ቀጠለች። እንባዋ ሳፋው ውስጥ ጠብ ሲል ግን አይቻለሁ። በኋላ ብቻችንን ስንሆን፣ “እማማ፣ ቃሉን አስቀያሚ ነው ብዬ ትቼው ቢሆን ይህ ሰው አያገኘኝም ነበር” አለችኝ።

ለሳምንት እኛው ቤት ሰነበቱ። አስተጣጠቡን፣ ቫዝሊኑን፣ የፋሻውን አጠቃቀም፣ ስትተኛ እግሯን ከፍ ማድረጉን ለሁለቱም አስተማረቻቸው። ሰፊ ጫማ አሠራንላት፤ አልጋነሽ ስታደርገው እንደ ሕፃን ልጅ ግቢውን ዞረችው። ከሄዱ በኋላም ለክትትል ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። እብጠቱ በጣም ጎድሏል፤ ቁስሉ ደርቋል። በዚህ ወር የእህቷ ልጅ ስትዳር ድንኳን ውስጥ፣ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ስታጨበጭብ የሚያሳይ ፎቶ ላኩልን። አብርሆት ፎቶውን አይታ ጓዳ ገብታ ቆየች።

አሁን ጎግል ላይ ዝሆኔ ብለህ ብትጽፍ ከፊት የሚመጣው የእሷ ነው። ከዋጫ መጥተዋል፣ ከሌላም ከሌላም መጥተዋል። ሆስፒታሉ በሳምንት አንድ ቀን ክፍል ሰጥቷታል፤ ሊናም ሐሳቧን ቀይራ አብራት ትጽፋለች፤ በካፊኛ የሚፈልግ ሰው ምን ብሎ እንደሚጽፍ እየጠየቁ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ይህች ልጅ የሸሸገውን ሰው እዚያው የተሸሸገበት ድረስ ሄዳ አገኘችው። ወለድኩ ብል የምኮራባት ናት፤ አልወለድኳትምና ለዚህ ቤት ያመጣሃት አንተን አመሰግናለሁ።

“አቁሚ በያት” ያልከኝን አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባፈና ሊሰናበተን ሲል፣ “የሲስተር ባለቤት የት ነው? ሳላመሰግነው ልሄድ ነው” አለኝ። አብርሆት አጠገባችን ነበረች። “ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ደህና ነው፤ ሥራ ይበዛበታል” አለችው ፈገግ ብላ። ሰውየው ተገረመ፤ “እንዲህ ያለች ሚስት ትቶ መራቅ እንዴት ይከብደው!” አለ። ሚስትህ ሳፋውን አንስታ ውሃ ልትደፋ ወጣች። እኔም ሻንጣቸውን ይዤ እስከ በር ሸኘኋቸው።

ልጄ፣ ስልክህ ሲጠራ ቀና ትላለች። ለእኔ መሆኑን ስታውቅ “ሰላም በይልኝ” ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እንድጽፍልህ አልጠየቀችኝም፤ መጻፌንም አታውቅም።

የቦንጋው ጊዮርጊስ በወጣህበት ይከተልህ፤ ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ቀን ይሰውርህ፤ እንጀራህን ያስፋልህ፤ ዓይንህን በዓይኔ ያሳየኝ። እኔ ደህና ነኝና ለእኔ አትጨነቅ። በሚቀጥለው ስትደውል በእሷ ስልክ ደውል።

እናትህ
በላይነሽ