በቅጂው ግርጌ ስለተገኙት ሦስት ስሞች

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ከሚሴ፣ ጥር 1970 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ እንቅልፍዎንም ያጥልቅልዎ፤ ሹሙ በሰላም ባደረበት ሠፈር በር አይንኳኳምና። ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ የላክሁት የታሸገ ወረቀት እንደሚያስጠረጥር ከቀበሌያችን ስለተማርሁ ነው።

የምጽፈው ስለ ዓዲላ ነው። የጎረቤቴ የወይዘሮ ዘይና ልጅና የማታ ትምህርት አስተማሪ የሆነችው ዓዲላ፣ ባለፈው ማክሰኞ በጥበቃዎችዎ ተይዛ በቀበሌው ታስራለች። ጥፋቷ የከብት በሽታ ትምህርት በእጇ ቀድታ ለተማሪዎቿ ማደሏ ነው።

1ኛ. የትምህርቱ መጽሐፍ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም እንዳይቆሽሽ በቢሮዎ ሳጥን ተቆልፎበታል። ከጨፋ ሮቢት በእግራቸው የሚመጡ ገበሬዎች እጅ እንዳያሳድፈው ስለጠበቁልን እናመሰግናለን።

2ኛ. ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ተባዛ ተብሏል። መጽሐፉን የጻፉት መምህር እንድሪስ ወደ ደሴ ከመዛወራቸው በፊት፣ ቃሉ እንዳይለወጥና እንዳይሸጥ አስጠንቅቀው፣ እኔ ባለሁበት ፈቅደውላታል። ለደራሲ መብት እንዲህ የሚቆረቆር ቀበሌ በማግኘታችን ኮርተናል፤ ደራሲውን የጠየቀ ግን የለም። በሕይወት አሉ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

3ኛ. በእኛ አገር ኪታብ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ፣ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሲጨርስም ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደቀዳው፣ ማን ከዋናው ጋር እንዳመሳከረው ከግርጌው ያሰፍራል። የሰው ድካም የባለቤቱ ነውና፤ ስህተት ቢገኝም ተጠያቂው ይታወቃል። ዓዲላ ይህንኑ ወግ ጠበቀች። ጓዶችዎ ግን ሦስት ስም በአንድ ወረቀት ላይ ቢያዩ የጠላት ህዋስ አገኘን ብለው ተደሰቱ። ደስታቸውን ማደፍረስ ባልወድም፣ የሚደበቅ ሰው ስሙን አይጽፍም።

4ኛ. አመሳካሪው ሙሀመድኑር የትኛው እንደሆነ እንድትናገር ዓዲላ ሌት ተቀን እየተጠየቀች መሆኑን ሰምቻለሁ። እስካሁን ሁለት ሙሀመድኑሮች ተይዘው ተለቀዋል፤ አንደኛው ፊደል እንኳ አልቆጠረም። የሚፈለገው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልሁ አመሳክሬአለሁ፤ ስህተት ካለ የእኔ ነው። ቤቴ ከቦርከና ወንዝ መሻገሪያ በላይ፣ ግራር ካለበት ግቢ ነው፤ አጥሩን ማፍረስ አያስፈልግም፣ በሩ ክፍት ነው። እኔን ወስዳችሁ እርሷን ልቀቁ። የጨፋ ከብቶች አፋቸው መቁሰል ጀምሯል፤ ምን እንደሚደረግም የሚያስተምረን እርሷ ብቻ ናት።

የቀበሌዎን ንቃት በአካል ሊመሰክር የተዘጋጀ፣ ከማንም ፊት ስሙን የማይሠውር ሽማግሌ፣

ሙሀመድኑር አብዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ስጨርስ ወይዘሮ ዘይና ከቀበሌው ተመለሱ። ለልጃቸው የወሰዱት ምሳ ሳይፈታ ተመልሷል፤ ጥበቃውም ከነገ ጀምሮ እንዳይለፉ መክሯቸዋል። ለእናት ድካም ማሰባችሁን አመሰግናለሁ። ዓዲላ ምሳውን የመለሰችው ጠግባ ከሆነ ግን፣ ወጥታ ራሷ ትንገረን።