ቀድሞ የለቀቀ

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ለመኪና ውድድሩ አደላይድ ገባን። ከሬንማርክ ጀምሮ ልጄ ዜታ አጠገቤ እንቅልፏን ስትለጥጥ መጣች። የደከምኩት እኔ፣ የምትተኛው እሷ... ይሁን። አሥራ ሰባት ዓመት ማለት ይኸው ነው።

የብርቱካን ለቀማውን ለፍሮሶ ጥዬባት መጣሁ። ባለቤቴ መቼም ቻይ ናት። "ሂዱ፣ ሂዱ። ብቻ ልጄን እንደወሰድካት መልስልኝ" አለችኝ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምትለው። የዛሬው ግን እጄን ይዛ ነው። ለምን ያዘችኝ?

መርቭ ቀድሞን ደርሶ ድንኳኑን ተክሏል። የቡድኑ ባለቤትም፣ አለቃም፣ ወጥ ቤትም እሱ ነው፤ መካኒኩ እኔ። ገና ሲያየኝ "ማኖሊ፣ ፊትህ የከረመ ጎማ መስሏል!" አለ። "ያንተ ደግሞ የፈነዳ" አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ሰው ወደ ሥራው ይነዳበት የነበረው መንገድ በሁለቱም በኩል በሲሚንቶ ግንብ ታጥሯል። ሌላ የውድድር ሜዳ ላይ የሳተን ልጅ ሣር ይቀበለዋል። እዚህ የሚቀበለው ግንቡ ነው። በየዓመቱ አየዋለሁ፣ በየዓመቱ ዓይኔን አዞራለሁ።

ዋንጫው የሚለየው እዚህ ነው። ዜታ በነጥብ አንደኛ ናት፤ ሃሚሽ የሚባለው ረጅም ልጅ ከኋላዋ እየተነፈሰ ነው። ያሸነፈውን ለሚመጣው ዓመት እንግሊዝ አገር ያለ ትልቅ ቡድን ይወስደዋል። የተሸነፈ... ወደ ብርቱካኑ። ዜታ ሻንጣ እንኳ መርጣለች። ለእናቷ እንዳልነግር አስምላኛለች።

ወገቤ። ወገቤ። ወገቤ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

ጠዋት ልምምድ ነበር። ስትመለስ መርቭ መጀመሪያ ያየው ሰዓቱን አይደለም፣ የግራውን የኋላ ጎማ ነው። ጎኑ ላይ ያለው ነጭ ፊደል ግማሹ ጠፍቷል። "ግንቡ ልሶታል! ይህቺ ልጅ ጉድ ናት!" ብሎ እንደ ሕፃን ዘለለ።

የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። የከተማ መንገድ ላይ የነጂው ልብ የሚታወቀው በጎማው ነው። ፊደሉ ከተላሰ ግንቡን እየሳመች ትወጣለች፣ መኪናዋን አምናዋለች ማለት ነው። ፊደሉ ንጹሕ ከሆነ መኪናው አልተመቻትም። ያኔ እኛ መፍታት እንጀምራለን።

ከሰዓት በኋላ ግንቡን መታች። ከባድ አልነበረም። የመኪናው አፍንጫ ተሰበረ፣ የመሪው ዘንግ ታጠፈ። ሄልሜቷን ሳታወልቅ በእግሯ መጣች።

"መሪውን ለቀቅሽ?"

"ለቀቅኩ፣ ባባ።"

"እውነት?"

"ሁሌም እለቃለሁ። አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?"

እውነቷን ነው። ሌላው ለልጁ ጸሎት ሲያስተምር እኔ ይህንን ነው ያስተማርኳት፦ ግንቡ ሲመጣ መሪውን ልቀቂ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ ሰብስቢ። ያልለቀቀውን እጅ መሪው ጠምዝዞ ይሰብረዋል። ማዳን እችላለሁ ብሎ እስከ መጨረሻው የሚይዝ ሞኝ ብዙ ነው። እሷ ግን ታውቃለች።

ስትመልስልኝ ጫማዋን ነበር የምታየው። መኪናውን በማበላሸቷ አፍራ ይሆናል።

ስንጠግን ዋልን፣ ስንጠግን አመሸን። መርቭ ቀዝቃዛ ቡና በካርቶን አምጥቶ ግማሹን ሸሚዜ ላይ ደፋብኝ። ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ዜታ በዛሬው ውድድር አምስተኛ ወጣች። ሃሚሽ አሸነፈ። ነጥባቸው እኩል ሆነ። ነገ ከሁለቱ ቀድሞ የገባ ዋንጫውን ይወስዳል።

የግራው ጎማ ፊደል ገና ከሱቅ እንደወጣ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አንድም ቦታ አልተነካ። "መኪናው ጠልቷታል" አለ መርቭ። እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት። ትናንት ስንጠግነው የሆነ ነገር አዛብተን ይሆናል። ጠየቅኳት። "አዎ፣ ፊቱ መንገዱን አልይዝ ብሎኛል" አለች። ቶሎ ነው የመለሰችው። የፊቱን ሞላ ቀየርን፣ ክንፉን አዘቀዘቅን፣ ዘንጉን እንደገና ለካን። ሁሉም ልክ ነው። ልክ የሆነ ነገር እንዴት ይጠገናል?

ደግሞ ዛሬ አልተጨባበጥንም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከውድድር በፊት እጄን ወደ ወንበሯ እሰዳለሁ፤ እንጨባበጣለን፣ እንጨማመቃለን። ቀድሞ የለቀቀ የቤቱን መኪና ያጥባል። እሷ ለቅቃ አታውቅም፤ ሁሌ የማጥበው እኔ ነኝ። ዛሬ "ነገ፣ ባባ" ብላ ጓንቷን ማስተካከል ያዘች። ተጨንቃለች መሰለኝ።

ምሳ ላይ የሥጋ ፓይዋን በግራ እጇ ስትበላ ስጎው በክርኗ ወረደ። "ግራኝ ሆንሽ እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ። "ቀኜ ስልክ ይዟል" አለችኝ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ደክሞኛል። ነገ ያልቃል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

የምጽፈው ከሆስፒታል ነው። ዜታ ውስጥ ናት፣ ራጅ እያነሷት። ደህና ናት። ደህና ናት ብዬ ደግሜ ልጻፈው።

መነሻው መስመር ላይ ቆመን ነበር። ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ዝንቡ አያስቀምጥም። መርቭ ጃንጥላ ይዞላታል። ቀበቶዋን አጠበቅኩና እጄን ዘረጋሁ።

"ዛሬም ይቅር፣ ባባ።"

"ሁለቴ አይቀርም። ገድ አይደለም።"

ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ሰጠችኝ። እንደ ወትሮው ጨመቅኩ። ኧረ የወትሮውን ያህል እንኳ አልነበረም! ድምፅ አላወጣችም። በሄልሜቱ ቀዳዳ ዓይኗ እንባ ግጥም ሲል ግን አየሁት። ጣቶቿ መዳፌ ውስጥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆኑ። ለቀቀች። ዜታ ቀድማ ለቀቀች።

"ጓንቱ አንሸራቶኝ ነው" አለች።

"ዓርብ ግን መሪውን አልለቀቅሽም።"

ጓንቷን መጎተት ያዘች።

"ዜታ!"

"የማድነው መስሎኝ ነበር... ባባ፣ እባክህ። ጥቂት ዙር እኮ ነው። በአንድ እጄም ቢሆን እችላለሁ። ለሐኪሞቹ እንዳትነግር። እንግሊዝ እኮ ነው! እባክህ፣ ባባ።"

ለካ ጎማው ንጹሕ የሆነው በመኪናው ጥፋት ሳይሆን በእጇ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ጫማዋን ስታይ፣ ፓይዋን በግራዋ ስትይዝ አይቻለሁ እኮ። አይቼ ሄጄ ሞላ ቀየርኩ።

መካኒኮች ከመስመሩ ይውጡ ተባለ። ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ለማን እዋሻለሁ? እጄን ከመኪናው ላይ አንስቼ ነበር። እርምጃም ጀምሬ ነበር። እንግሊዝ... ስንት ዓመት የለፋንለት። ምናልባት ምንም አትሆን ይሆናል ብዬም ነበር። ከዚያ ፍሮሶ እጄን የያዘችበት አያያዝ ትዝ አለኝ። ተመለስኩ። ጎንበስ ብዬ የመሪውን ማስለቀቂያ ሳብኩና መሪውን ነቅዬ አወጣሁት።

መርቭ ጃንጥላውን ጣለ። "ማኖሊ! አብደሃል እንዴ? መልሰው!"

"አልመልስም።"

"ዋንጫ እኮ ነው፣ አንተ ሰው!"

"እጇን ጠይቃት።"

መርቭ አያት። ቀኝ እጇን በግራዋ አቅፋ ነበር። መኪናውን ወደ ዳር ገፋነው። ሌሎቹ ተነሥተው ሄዱ። ያ ሁሉ ጩኸት... ዜታ ከወንበሩ አልወጣችም፣ ሄልሜቷንም አላወለቀችም።

"ጠላሁህ" አለችኝ። ሳትጮህ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ዋንጫውን ሃሚሽ ወሰደ።

ሐኪሟ አሁን ወጣች። አውራ ጣቷ ሥር ያለች ትንሽ አጥንት ተሰንጥቃለች። "በዚህ እጅ ነው የነዳችው?" አለችኝ። "በዚህ እጅ ሌላ ግንብ ብትመታ ኖሮ..." አልጨረሰችውም፤ እኔም ጨርሺው አላልኳት።

በር ላይ የምትመዘግበው ልጅ ጉልበቴ ላይ ያለውን አይታ "ይኼ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"መሪ።"

"የቀረው መኪናስ?"

ለካ እስካሁን አልጣልኩትም።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ቤት ገባን። ፍሮሶ ጄሶውን አየች፣ ልጇን አቀፈች፣ ከዚያ መጥታ ደረቴን በቡጢ መታችኝ፣ ከዚያ እኔንም አቀፈችኝ። ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

ዜታ ዛሬም አላናገረችኝም። "እማ፣ ጨው እንዲያቀብለኝ ንገሪው።" ጨውን አቀበልኩ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 23

መርቭ ደወለ። ሃሚሽ እንግሊዝ ሊሄድ ነው። ዜታ ከእኔ በፊት ሰምታለች። ተነሥታ ወደ ብርቱካኑ ውስጥ ገባች። ልከተላት ስል ፍሮሶ "ተዋት" አለችኝ። በመስኮት ሳያት ቆየሁ። በግራ እጇ ፍሬ እየቀጠፈች ዛፉን ትደበድባለች። አንጀቴን በላችው። መሪውን ባልነቅል ኖሮ... አይ። እነቅለው ነበር። አሥር ጊዜ ቢሆን አሥር ጊዜ እነቅለዋለሁ። ይህ ደግሞ ምንም አያጽናናም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 17

ትናንት ጄሶው ወለቀ።

ዛሬ ጠዋት ትራክተሩ ሥር ተኝቼ ዘይት ሳፈስ እግሮቿ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ባባ፣ ውጣ።"

ወጣሁ። ስንት ጊዜዬ ነው ይህን ስም ከሰማሁ...

"ዘንድሮ ከመርቭ ጋር ልነዳ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው።"

"ደግ። እኔም መሣሪያዎቼን..."

"አንተ የለህበትም። ሌላ መካኒክ እንዲፈልግ ነግሬዋለሁ። ተባረሃል።"

አሁንም ጠልታኛለች አልኩ በልቤ። ፊቷን ሳየው ግን ጥላቻ አይመስልም። ሌሊቱን ስታስበው ያደረች ነው የምትመስለው።

"መካኒክ ብቻ ብትሆን መሪውን አትነቅለውም ነበር" አለች። "አባት ብቻ ብትሆን ደግሞ ዓርብ ዕለት ታውቅ ነበር። አንተ ጎማዬን አየህ፣ ባባ። እጄን አላየህም።"

ጨርቄን አንሥቼ ዘይቱን ከእጄ ላይ ስጠርግ ቆየሁ፤ ቢጠረግም መጥረጌን አልተውኩም።

"በቃ፣ አምጣ" ብላ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ከስታለች እጇ። ነጥታለች። ያዝኳት እንጂ መጨመቅ ፈራሁ።

"ጨምቅ እንጂ! እንቁላል ነው እንዴ የያዝከው?"

ጨመቅኩ። እሷም ጨመቀች። እናቴ ትሙት፣ ብረት ናት! ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ፣ ጥርሷን ነክሳ... ትንሽ ብቆይ እችል ነበር።

ለቀቅኩ።

"ሳሙናው ባልዲው ውስጥ ነው" አለችና ሄደች።

መኪናውን አጠብኩት። ጎማው ጋ ስደርስ ከልማድ ፊደሉን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ተውኩት። ከዚያ ቤት ገብቼ በቀትር ተኛሁ።