«ናጋ» ያላለ አይቀዳም

ነገሌ ቦረና፣ የካቲት 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለጣሰው እናት፣

እንደምን ሰንብተዋል? ያምዎት የነበረው ጉልበትዎ ተሻለዎት? ላሚቱስ ወለደች? መሪጌታ ወልደገብርኤል እንደምን አሉ? ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልዎት እሳቸው መሆናቸውን አውቃለሁ። መሪጌታ፣ አንድ አደራ አለኝ፤ ሰው በተሰበሰበበት አያንብቡት። ሲያነቡም አንድ ቃል አይዝለሉ፣ የሚያስቆጣውንም ጭምር።

እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅዎ በሕይወት አለ፤ ጤናውም ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት የእናት ጆሮ ሌላውን የሚሰማው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ነው።

ለጣሰው የላኩት ደብዳቤ ደርሷል። እሱ ቤት ስለሌለ ከፍቼ አነበብኩት። ያችን የቆላ ሴት ፈትተህ ና፣ ያሳሰረህ አባቷ ነው ብለዋል። ለዕረፍት አገር የገባው ፍስሐ ነግሮዎት ይሆናል። ፍስሐ የጣሰው ጓደኛ ነው፤ ክፉ ወታደር አይደለም። ግን ጣሰው የታሰረ ቀን ጦር ሰፈር ውስጥ ዘብ ላይ ነበር፤ የነገረዎት የሰማውን ነው። እኔ ደግሞ ነገሩ ከሆነበት ቦታ እንስራዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ስለዚህ አሁን እኔን ይስሙኝ። ተቆጥቻለሁ፤ ቢሆንም አንቱታዬን አልጥልም።

ነገሩ የውሃ ነገር ነው። ከደጅዎ ምንጭ እንደሚፈልቅ ጣሰው አጫውቶኛል፤ ሰው ለውሃ ተጣላ ሲባል ይገርምዎት ይሆናል። እዚህ በጋው ሲጠና ሰው ለውሃ የማይሆነው የለም። አምና ማዘጋጃ ቤቱ ከገበያው በላይ ጉድጓድ አስቆፍሮ ሞተርና ቧንቧ አመጣ። የቧንቧውን ቦይ የቆፈረው የከተማው ሰው ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ወጣ፣ እኛ የወታደር ሚስቶችም አፈሩን በዘንቢል ተሸከምን። ቦኖው የተከፈተ ቀን እልልታው ለጉድ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ድብድብ ሆነ። የወታደር ሚስቶች መንግሥት የቆፈረው ለእኛ ነው አሉ፣ ባለሱቆቹ አገሩ የእኛ ነው አሉ፣ ከብት የነዳው ደግሞ ከብቴ ምን ይጠጣ አለ። የጎረቤቴ የሸምሳ ክንድ በእንስራ ስባሪ ተተለተለ። ማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ቢያቆም ከሁሉ ቀድሞ የሸሸው ዘበኛው ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቶ ሞሉ ያኔ የከተማውን ሰው ሰብስቦ፣ ዱብሉቅ ኤላ በሚባሉት ጉድጓዶች ላይ ያ ሁሉ ከብት ሲጠጣ ሰው ለምን አይጋደልም ብሎ ጠየቀ። ተራ የሚያስከብር አባት ስላላቸው ነው አሉት። እንግዲያውስ እንዲህ ያለ አባት ለእኛም አምጡልን አለ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ቦኖና ኤላ ምን አገናኘው ያለም ነበር። ተለምኖ የመጣው አባቴ አብዱባ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዱብሉቅ ላይ የከብት ተራ ሲያስከብር ኖሯል።

ሕጉ አጭር ነው። ጠዋት ሰው ሲሰለፍ አባቴ በሰልፉ መሀል እያለፈ እያንዳንዱን «ናጋ?» ይለዋል። ናጋ ሰላም ማለት ነው። የተጠየቀውም «ናጋ» ብሎ ይመልሳል። እንዲያው ለሰላምታ ያህል እንዳይመስልዎት። ተራ ከሚጠብቀው ሰው ጋር ቂም የያዘ ናጋ ማለት አይችልም፤ ናጋ ያላለ ደግሞ አይቀዳም፣ መጀመሪያ ይታረቃል። ከዚያ ሁሉም በመጣበት ተራ ነው። ሳይሰለፉ ከፊት የሚቆሙት ሁለት ዓይነት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ቤቷ በሽተኛ ያላትና ሁለት ነፍስ የሆነች። ከዚህ ውጭ ማዕረግ የለም፣ ዘመድም የለም። እኔ ልጁ ነኝ ብዬ ትንሽ ጠጋ ብል፣ በሰው ፊት የማን ልጅ ነሽ አለኝ። የአብዱባ ስለው፣ አላውቀውም አለና እንስራዬን ወስዶ ከመጨረሻ አኖረው። ሴቶቹ እስከ ዛሬ የማይታወቀው የአብዱባ ልጅ እያሉ ይስቁብኛል። ግን ድብድቡ ቀረ።

ባለፈው ወር የጦር ሰፈሩ ፓምፕ ተበላሸ። ወታደሩም ሰው ነው፤ ተጠምቷል፣ ይህን አልክድም። ረፋዱ ላይ የውሃ ቦቴው መጣ። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው አሥር አለቃ ልጅዎ ነበር። አንድ መቶ አለቃ በጂፕ ተከትሎ ደረሰና ሰልፉ ይበተን፣ ቧንቧው ለቦቴው ይለቀቅ አለ። አባቴ ከመኪናው ፊት ቆመ። ዱላውን ተደግፎ፣ እንደ ወትሮው፣ «ናጋ?» አለው። መቶ አለቃው አልመለሰለትም። ወደ ጣሰው ዞሮ ሽማግሌውን ከመንገድ አንሳው አለ።

እስቲ ያስቡት። በእኛ ዘንድ አማች የሚስቱን አባት በስሙ እንኳ አይጠራም፤ እጅ ማንሳትማ አይታሰብም። ጣሰው ይህን ለምዷል። ከተጋባን ጀምሮ አባቴን ባገኘ ቁጥር መሬት መሬት ነው የሚያየው። በሌላ በኩል መለዮ የለበሰ ነው፣ ታዟል። እኔ እንስራዬን እንዳቀፍኩ ሁለቱን አያለሁ። ጣሰው አባቴን ከገፋው ከዚያ በኋላ ባል የለኝም። አባቴ ከለቀቀ ደግሞ ቦኖው ተመልሶ የጉልበተኛ ነው።

ጣሰው ከመኪናው ወረደ። አባቴን አላየውም። ወደ ሰልፉ ዞረና መጨረሻው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ጠላ ሻጯ ማሚቱ በርሜል የጫነ አህያዋን ይዛ ከሁሉ ኋላ ነበረች፤ እኔ ነኝ አለች። እንግዲያው እኛ ከማሚቱ በኋላ ነን አለና ሹፌሩን ወደ ኋላ መልስ አለው። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ ለአባቴ ቀስ ብሎ «ናጋ» አለው።

እዚያው ትጥቁን አስፈትተው ወሰዱት። ትእዛዝ እምቢ ብሏል ተባለ።

ቀጥሎ የሆነውን ፍስሐ አልነገረዎትም። አባቴ ከሰልፉ ፊት ጀምሮ ሴቶቹን አንድ በአንድ፣ ወታደሩ ተጠምቷል፣ ተራሽን ትሰጪዋለሽ ወይ እያለ ጠየቀ። ክንዷ የተተለተለው ሸምሳ እንኳ ሰጠች። ቦቴው ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሞልቶ ሄደ። ለካ መጠየቅ ብቻ ነበር የቀረው። ልጅዎ ግን ታስሯል።

እኔማ አባቴን ጠላሁት። እርስዎ የጻፉትን ቃል እኔም በልቤ ብዬዋለሁ፤ ባሌን ያሳሰረው አባቴ ነው ብያለሁ። በማግሥቱ «ናጋ?» ሲለኝ ዝም አልኩት። እንስራዬን ከሰልፉ አወጣው። በሌላውም ቀን ዝም አልኩ፣ በሌላውም ቀን አወጣው። ባሌ እስር ቤት፣ አባቴ ውሃ ከልክሎኝ፣ ሸምሳ በጣሳ እየቀነሰችልኝ ከረምኩ። ቤቴ መጥቶ እንዴት ነሽ እንኳ አላለኝም። እልኸኛ ነው፤ ማንን እንደወጣሁ በዚህ ይወቁ።

አንድ ቀን ለጣሰው ስንቅ ይዤ ብሄድ፣ በር ላይ ያለው ዘብ የዛሬውን ወተት ተቀብለናል አለኝ። የምን ወተት ነው አልኩት። አንድ ሽማግሌ በየጠዋቱ በጮጮ ወተት ያመጣሉ፤ ገብተው ይጠይቁት ስንላቸው፣ አማቼ ነው፣ ታስሮ ላየው አይገባኝም ብለው በር ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ አለኝ። አባቴ እዚህ ከተማ ያለችው አንዲት ላም ናት። በዚህ ድርቅ ከዚያች ላም ከአንድ ጮጮ በላይ ወተት አይገኝም። እሱ ምን እንደሚጠጣ እንጃ። እዚያው ዘቡ ፊት አለቀስኩ።

ኋላ አቶ ሞሉና የከተማው ሽማግሌዎች፣ እኛ የወታደር ሚስቶችም ተከትለን፣ ወደ አዛዡ ገባን። አዛዡ በትዕግሥት ሰማን። ፓምፑ እስኪጠገን ቦቴው የከተማው ሰው ቀድቶ ካበቃ በኋላ በየማታው እንዲሞላ ተስማማ፤ የቦኖው ሞተር ሲያስቸግርም የሰፈሩ መካኒክ እንዲያይልን ፈቀደ። ስለ ጣሰው ስንለምነው ግን፣ የትእዛዝ ጉዳይ ነው፣ በሕጉ ይታያል ብቻ አለን። ማዕረጉን ሊገፍፉት ይችላሉ። ወደ ጠረፍ ሊልኩትም ይችላሉ። ከፋሲካ በፊት ይታወቃል ይላሉ። ውሳኔውን ስጠብቅ እህል አልዋጥ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁ።

ደብዳቤዎን አልሰጠሁትም፤ ሳጥን ውስጥ ነው። ልደብቀው አልፈልግም፣ የእናቱ ቃል ነው። ግን ለታሰረ ሰው ሚስትህን ፍታት የሚል ወረቀት በገዛ እጄ አላቀብልም። ሲፈታ እሰጠዋለሁ፣ ያንብበው። ከዚያ በፊት ሌላ ከጻፉለት ግን በሩጫ አደርስለታለሁ። የትኛው ይድረሰው የሚለውን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ትናንት ወደ ቦኖው ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከመጨረሻ ቆምኩ። አባቴ እንደ ወትሮው እየጠየቀ መጣና «ናጋ?» አለኝ። «ናጋ» አልኩት፤ ከልቤ ነበር። አልፎኝ ሊሄድ ብሎ ቆመ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሸምሳም ቢሆን። እንስራዬን ብድግ አደረገና ሰልፉን ሁሉ አልፎ ከፊት አስቀመጠው። ቤቴ በሽተኛ የለም። ማሚቱ እልልታዋን ስታቀልጠው ሴቶቹ ተከተሏት፤ እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

ይህን ጣሰው ገና አልሰማም። ከእሱ አስቀድሜ የነገርኩት ለእርስዎ ነው።

ምንጭዎ አይንጠፍ፤ ላሚቱም በደህና ወልዳ ትታለብልዎ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ከእርስዎ እስከ ነገሌ መንገዱ ሩቅ ነውና። መሪጌታ፣ ስላነበቡልን ቃልዎ ይባረክ።

እናቴ፣ ናጋ?

ምራትዎ