ሰባተኛው ጥያቄና የእኛ ዘር

ለተከበሩ የቆላማ አካባቢ ባዮቴክኖሎጂና ዘላቂ ልማት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእኛ ሙቀትና ወባ እርስዎ ዘንድ እንደማይደርሱ ባውቅም፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ጉንፋን እንዳያስይዝዎት ዘወትር እጸልያለሁ።

ጥሩአየሁ ደረበ እባላለሁ፤ ከገንዳ ውሃ ወጣ ብሎ ሰሊጥና ማሽላ የማርስ፣ ባሌን በሞት ያጣሁ ገበሬ ነኝ። ያስታውሱኝ እንደሆነ በሚያዝያ ወር እርሻዬ ላይ አብረን ፎቶግራፍ ተነስተናል። ሲደርስ ፍሬውን የማያረግፍ አዲስ የሰሊጥ ዘር ይሞከርበት ብዬ ግማሽ ሄክታር የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሰጠሁትም ወድጄ ነው። ሰሊጥ ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ዓምና መንገድ ተዘግቶ ሳሉግ የምንላቸው የአጨዳ ሠራተኞች ሳይደርሱልኝ ቀሩ። ከልጄ ከሔለን ጋር የቻልነውን አጨድን፣ የቀረው ዓይናችን እያየ ረገፈ። እንዲህ ያለ ሌላ ዓመት አልችልም። ስለዚህ ያን ቀን ሲናገሩ ከልቤ ነበር ያዳመጥኩዎት።

አሁን በዘገባዎ እንዳነበብኩት፣ ከአካባቢያችን ሕዝብ ከመቶ ዘጠና አንዱ ለባዮቴክኖሎጂ ያለው አመለካከት አሉታዊ ሆኖ ስለተገኘ ሙከራው ወደ ሌላ አካባቢ ተዛውሯል። ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በግንቦት ወር ስለላኩልን መጠይቅ፣ በተለይም ስለ ሰባተኛው ጥያቄ እናመሰግናለን። ጥያቄው ቃል በቃል «ዘርዎ በባዮቴክኖሎጂ ቢለወጥ ይስማማሉ?» ይል ነበር። ሰሊጥ የምትለው ቃል መንገድ ላይ የት እንደወደቀች አላውቅም። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዘመን፣ በዚህ ድንበር፣ ወረቀት የያዘ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ዘር ብሎ ሲጠይቅ ሰው የሚያስበው ጎተራውን አይደለም። የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ አገኘሁ ከተቀመጡበት ተነስተው፣ «እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ምን አጥፍቼ ነው ዘሬን የምለውጠው?» አሉ። ጠያቂዋም «አልስማማም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ጎረቤቴ ዝናሽ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ጥያቄውን እንደሰማች ሆዷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤቷ ገባች። እሷም «አልስማማም» ተብላ ተመዘገበች። እኔ ለሰሊጤ ከሆነ አዎ፣ ለእኔና ለልጄ ከሆነ አይሆንም ብል፣ ሁለት መልስ አይፈቀድም ተብሎ አዎ ያልኩት ተሰረዘ፤ እኔም «አልስማማም» ተብዬ ተመዘገብኩ።

፪ኛ. ጥያቄያችንን ስላከበሩልን እናመሰግናለን። አቶ ዳኛው የሚባሉ ገበሬ፣ አዲሱን ዘር ብዘራ ከአውድማዬ ላይ ለከርሞ ዘር ማስቀረት እችላለሁ ወይስ በየዓመቱ ደጅ ልጠና ነው ብለው ስብሰባ ላይ ጠይቀው ነበር። በጽሑፍ ያቅርቡ ተባሉ። መጻፍ ስለማይችሉ እኔ ጻፍኩላቸው፤ ገንዳ ውሃ ድረስ ሄጄም አስገባሁ። መልሱን በዘገባዎ አባሪ ላይ አገኘሁት፤ ጥያቄው «የግንዛቤ እጥረት ማሳያ» በሚል ርዕስ ሥር ሰፍሯል። ገበሬ ስለ ከርሞ ማሰቡ የግንዛቤ እጥረት መሆኑን እስከ ዛሬ ባለማወቃችን እናፍራለን።

፫ኛ. ስለ እኛ ጎንደር ሆቴል ውስጥ ለሦስት ቀናት ስለተሰጠው የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና እናመሰግናለን። ከእኛ ማንም አልተጠራም። ግንዛቤውን የጨበጡት ሰዎች አጥብቀው ይያዙት።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምስጋና አይደለምና። ዘሩ ይመጣል ብላችሁኝ ግማሹን ሄክታር ሁለት ጊዜ አሳርሼ ጠበቅኩ። ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌም ተጋመሰ። ዝውውሩን የነገረኝ ሰው የለም፤ የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ በሰው እጅ ከደረሰኝ ዘገባ ላይ አነበብኩት። የራሴን ዘር እንኳ ሳልዘራበት መሬቱን አረም ወረሰው። ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ፤ ይህን በአክብሮት የምገልጽበት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ያቺን የወደቀች ቃል ፈልገው፣ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ይዘዋት ይምጡና እንደገና ይጠይቁን። ለአቶ ዳኛውም መልስ ይዘው ይምጡ። ምናልባት እምቢ እንል ይሆናል፤ እምቢ ካልንም ለሰሊጡ እንበል እንጂ ባልተጠየቅነው ነገር እምቢተኛ አይበሉን።

ለልማትዎ ዘላቂነትን፣ ለወንበርዎ ምቾትን፣ ለመጠይቅዎ አንድ አማርኛ የሚያውቅ ሰው እየተመኘሁ፣ አመለካከቴ አሉታዊ ሆኖ የተመዘገብኩት፣

ታዛዥዎ ጥሩአየሁ ደረበ
ነሐሴ ፲፪ ቀን፣ ከገንዳ ውሃ አካባቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚያዝያ የተከሉት «የባዮቴክኖሎጂ ሠርቶ ማሳያ» የሚለው የብረት ሰሌዳ እርሻዬ ላይ እንደቆመ ነው። ድርቅ አልጎዳውም፣ ተባይ አልነካውም፣ እስካሁንም አልረገፈም። ሙከራው የተሳካ መሆኑን በዘገባዎ ላይ ቢያካትቱልኝ።